ጋሻው የት ነበር? ስለ ከበባ፣ ስለ መከለያና ስለ መቀሌ ውሃ

በጨዋታ ምሽግ መስበር ቀላል ነገር ነው። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» የተባለውን የጥንት ጦርነት ጌም የሞከረ ተማሪ ሁሉ ዘዴውን ያውቀዋል። በግንብ ላይ የተሰለፉ ቀስተኞች እግረኛውን እንደ ቅጠል ስለሚያረግፉት፣ ብልህ ተጫዋች እግረኛውን ሜዳ ላይ አይበትነውም፤ ጣራ ባለው መደርመሻ ውስጥ ይከተዋል። መደርመሻው በመንኮራኩር የሚሄድ፣ ከላዩ የተሸፈነ፣ ከውስጡ ትልቅ ግንድ የተንጠለጠለበት የእንጨት ቤት ነው። ፍላጻ እምብዛም አይጎዳውም። ሰዎቹን ይዞ ግንቡ ሥር ይደርሳል፤ በሩን ይወግራል፤ በሩ ሲፈርስ ሰዎቹ ይወጣሉ። አንድ ድክመት ግን አለው። ጎራዴ የያዘ ሰው ከተጠጋው እንጨት ነውና ይሰባበራል። ስለዚህ ከላይ የሚወርደውን የሚመክት መከለያ፣ ከጎን የሚመጣውን የሚመክትለት ሌላ መከለያ ያስፈልገዋል።

ይህን ጌም ሠሪዎቹ ከራሳቸው አላመነጩትም። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 የይሁዳን ከተማ ለኪሶን ከቦ በያዘ ጊዜ፣ ድሉን በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በድንጋይ አስቀርጾት ነበር። ቅርጹ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የብሪታኒያ ሙዚየም አለ። በዚያ ላይ መደርመሻው ወደ ግንቡ ሲወጣ ይታያል፤ ከግንቡ ላይ የሚነድ ችቦ ይወረወርበታል፤ ከመደርመሻው ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው በረጅም ጭልፋ ውሃ እያፈሰሰ እሳቱን ያጠፋል። እኛን ከሥዕሉ ሁሉ የሳበን ይህ ሰው ነው። አይዋጋም፣ አይተኩስም፣ በሩንም አይወግርም፤ ሥራው ሌሎቹን ማትረፍ ነው። የከበባ መሣሪያ ሁሉ በመሠረቱ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፦ ሰው በሕይወት ሳለ ግንቡ ሥር እንዴት ይድረስ?

ታዲያ የኛ አባቶች ለዚህ ጥያቄ ምን መልስ ሰጡ? ጥያቄውን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የዚሁ ጌም ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያን እንደ አንድ ሕዝብ ገብተዋል። ሾተል የያዘ ፈጣን ወታደር ተሰጥቷቸዋል፤ ቀስተኞቻቸው ከሌላው ፈጥነው ይተኩሳሉ። ይህስ ይሁን። ነገር ግን የኛ ብቻ ከሆኑት ዕውቀቶች አንዱ የከበባ መሣሪያዎችን ጉዳት የሚያሰፋ ነው። በየካ ተዳፋት ላይ ሆነን ይህንን ስናይ «እንዴ! መቼ ነው እኛ የድንጋይ ወርዋሪና የመደርመሻ ሊቃውንት የነበርነው?» ብለን ተከራከርን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ውጤት ነው።

መልሱን ከሩቁ ዘመን እንጀምር። በአባይ ሸለቆ፣ ዛሬ ሱዳን በምንለው አገር፣ የኩሽ ንጉሥ ፒዬ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት ግብጽን ወግቶ አስገብሯል። በጀበል ባርካል የተገኘው የድንጋይ ጽሑፉ ሄርሞፖሊስ የተባለችውን ከተማ እንዴት እንደከበበ ይተርካል። ቀስተኞቹና ወንጫፊዎቹ ከግንቡ በላይ ሆነው እንዲወረውሩ የአፈር ድልድልና ማማ አሠርቷል። ስለዚህ መሣሪያው በአካባቢያችን ጨርሶ አልታወቀም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ከዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሰው የማይረሳው ሌላ ነገር አለ። ከተማይቱ እጅ ከሰጠች በኋላ ንጉሡ ወደ ፈረሶች በረት ገባ፤ ፈረሶቹም በከበባው ምክንያት በረሃብ መክሳታቸውን አይቶ እጅግ ተቆጣ። ከበባ ማለት እንግዲህ ማማና ድልድል ብቻ አይደለም። በግንቡ ውስጥ የተዘጋበት ሁሉ፣ ሰውም ከብትም፣ የሚያልቅበት ጊዜ ነው።

ወደ ደጋው አገራችን ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። እዚህ ዋናው ግንብ ሰው የሠራው አይደለም። አምባ ነው። ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ ወደ ገዳሙ የሚወጣው በገመድ ነው። እንዲህ ባለው ገደል ሥር መንኮራኩር ያለው ማማ ምን ይሠራል? በግንድ ቢወግሩት ገደል አይፈርስ። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ብዙ አገር በያዙበት ዘመን እ.ኤ.አ. በ1531 አምባ ግሸንን ለመያዝ ሞክረው ሳይሆንላቸው ቀርቷል፤ አምባው የተያዘው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1540 ነው። በጀግንነት የታወቀ ጦር እንኳ በቀጭን የገደል መንገድ ላይ አንድ ባንድ መውጣት ሲኖርበት ብዛቱ አይረዳውም።

አንዳንድ ሰው «መሣሪያውን ያልሠሩት ዕውቀቱ ስላልነበራቸው ነው» ሊል ይችላል። ይህ የችኮላ ፍርድ ነው። ከዚሁ ከየካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል የሚባለው ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዓለትን ቆርጦ ዓምድና መስኮት ለማውጣት የቻለ እጅ ግንድ በገመድ አንጠልጥሎ ማወዛወዝ አያቅተውም። ሰው የሚሠራው የሚያስፈልገውን ነው። መንገዱ መንኮራኩር በማይቀበልበትና ግንቡ ተራራ በሆነበት አገር መደርመሻ መሥራት ጀልባ ይዞ ተራራ እንደ መውጣት ነው።

መሣሪያውን በዚህ መልክዐ ምድር ላይ ለመጎተት የሞከሩ አንድ ንጉሥ ግን ነበሩ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሠራተኞች ያሠሩት «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ፤ መንገዱን እየቆፈሩ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ ሕዝቡ በገመድ እየጎተተ። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ እንደነበረ ይነገራል። ያ ሁሉ ድካም መድፉን መቅደላ አደረሰው እንጂ መቅደላን አላዳነውም።

የመቅደላን ሁለተኛ ወገን ስናይ ደግሞ ታሪክ ፌዝ ያውቃል ያሰኛል። የጄኔራል ናፒየር ጦር ዝሆን ሳይቀር ጭኖ ከሕንድ መጣ፤ በዘመኑ ከነበረው ሁሉ የተሟላ ጦር ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ወታደሮቹ በተኩስ መካከል ወደ ኮከት በር ሲደርሱ፣ በሩን የሚያፈርሱት መሐንዲሶች ባሩዱንና መሰላሉን ከኋላ ረስተውት መጥተው ተገኙ! በሩ ከውስጥ በድንጋይ ተደግፎ ነበር። ወታደሮቹ ከበሩ ጎን ባለው አጥር በኩል፣ አንዱ ሌላውን ከሥር እየገፋ ወጡ። ዐፄ ቴዎድሮስም እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ምሽግን የሚያህል ነገር በመጨረሻው ሰዓት በሰው ትከሻ ተያዘ ማለት ነው። መሣሪያው ኖረም አልኖረም፣ ሲጎድል የሚተካው የሰው አካል ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ መቀሌ ስንደርስ ያስፈልገናልና።

ከመቀሌ በፊት ግን ደጃችን ያለውን እንጦጦን ማየት ይገባል። ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ ያደረጉት ስለ ጥሩ አየሩ አይደለም። ከዚያ ላይ ሆኖ ዙሪያው ሁሉ ይታያል፤ ጠላት ሲመጣ ሽቅብ መውጣት አለበት። ተራራው ራሱ መከለያ ነው። መከለያ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ብርዱ ይጠነክራል፤ ማገዶው እየራቀ ሄደ፤ ለብዙ ሠራዊት የሚበቃ ውሃ በጫፍ ላይ አይገኝም። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ሥር ከፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ሲሉ ሰየሙት። መኳንንቱም ተከትለው ወረዱ። የንግሥና ሥርዓት በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ቢፈጸምም፣ የከተማው ሕይወት ወደ ታች፣ ወደ ውሃው ሄዶ ነበር። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው ምሽግን በውሃ በለወጠ ውሳኔ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

አሁን መቀሌ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ የማጆር ቶዜሊ ጦር ከተደመሰሰ በኋላ፣ መቀሌ ላይ የቀረው የኢጣሊያ ጦር በማጆር ጋሊያኖ አዛዥነት በእንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በተሠራ ምሽግ ውስጥ ገባ። ቁጥሩ 1,300 ያህል ነበር፤ አብዛኛው የአገር ተወላጅ አስካሪ ነው። መጀመሪያ በራስ መኮንን የሚመራው ጦር ከበበው፤ ከዚያ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ከዋናው ጦር ጋር ደረሱ።

የኛ ሰው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አደረገ፤ ወደ ምሽጉ ሮጠ። ፉከራችንና ቀረርቷችን የሚያሞግሰው ይህንን ሩጫ ነው፤ ልባችንም ይሞቃል። ነገር ግን እስቲ ቆም ብለን ሜዳውን እንመልከተው። ከላይ በድንጋይ ግንብ የተከለለ፣ ፈጣን ጠመንጃና መድፍ የያዘ ጦር አለ። ከታች ምንም መከለያ የሌለው ሰው ሽቅብ ይሮጣል። በእጁ ያለው የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ ጋሻ ጦርና ጎራዴ ለመመከት የተበጀ ነው፤ በብርና በወርቅ ቢያጌጥም ጥይት አያቆምም። የአሦሩ ቀስተኛ ዘመን መደርመሻም ቢኖር ኖሮ አይጠቅምም፤ ጥይትና መድፍ ሳንቃን እንደ ወረቀት ይበሳል። በአውሮፓ ይህ ችግር ቀደም ብሎ ታውቆ ነበር። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ቮባን እ.ኤ.አ. በ1673 በማስትሪክት ከበባ ላይ ወታደሩ ከግንቡ ጋር ትይዩ የሆኑ ጉድጓዶችን ደረጃ በደረጃ እየቆፈረ፣ በአፈር ተከልሎ እንዲቀርብ አድርጓል። መከለያ ከእንጨት ወደ አፈር ተለወጠ ማለት ነው። ይህም ቢሆን አካፋ፣ ጊዜና ስንቅ ይጠይቃል፤ ስንቁን ከየቤቱ ይዞ የዘመተ ታላቅ ጦር ደግሞ በአንድ ቦታ ረዥም ጊዜ ከቆየ ከጠላት በፊት እሱ ይራባል።

መኳንንቱ በየተራ አጠቁ። የሆችኪስ መድፎቻችንም ምሽጉን ደበደቡ። ምሽጉ አልወደቀም፤ ብዙ ሰው ግን ወደቀ።

በዚህ ጊዜ ነው እቴጌ ጣይቱ የገቡበት። የምሽጉ ውሃ የሚቀዳው ከግንቡ ውጭ ካሉ ምንጮች ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ምንጩን የመያዝን ሐሳብ የሚሰጡት ለእቴጌይቱ ነው፤ የራሳቸውንም ወታደሮች ለዚሁ ሥራ ሰጡ። ምንጩ ተያዘ፤ ከምሽጉ እየወጡ ለማስለቀቅ የሞከሩት ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በምሽጉ ውስጥ ውሃ በልክ ይታደል ጀመር፤ ቀጥሎም ልኩ አነሰ። በጥር አጋማሽ ላይ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቆ ለመውጣት ተስማማ። ግንቡ ሳይፈርስ፣ በሩ ሳይሰበር መቀሌ ተያዘ።

እንግዲህ «ጋሻው የት ነበር?» ላልነው ጥያቄ የምናገኘው መልስ ይህ ነው። በመቀሌ ላይ መከለያው ምንጩ ነበር። ከውሃው አጠገብ የተቀመጠ እያንዳንዱ ወታደር፣ ነገ ወደ ግንቡ ይሮጥ የነበረውን ጓደኛውን ከልሏል። የአሦሩ ሰው በጭልፋ ውሃ እያፈሰሰ ወገኖቹን ከእሳት እንዳዳነ፣ የእቴጌይቱ ሰዎች ውሃ በመከልከል ወገኖቻቸውን ከጥይት አዳኑ። ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ የወረዱት እኒያው እመቤት፣ ተራራ ላይ ያለ ሰው የሚጎድለው ምን እንደሆነ ከመጻሕፍት መማር አላስፈለጋቸውም ብለን እንገምታለን። ግምታችን ነው፤ ነገር ግን እንጦጦ ላይ አንድ ክረምት ያሳለፈ ሰው ይህን አይንቅም።

ጌሙ ይህን ሊያሳየን አይችልም። በጌሙ ውስጥ ማንም አይጠማም። ወታደር ሲፈጠር እህል ይከፈልለታል፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ አይበላም፣ አይጠጣም። ሲሞትም በሌላ ይተካል፤ እናት የለው፣ ሚስት የለው። ስለዚህ ተጫዋቹ መደርመሻ የሚሠራው የሰው ሕይወት አሳዝኖት ሳይሆን ሂሳቡ እንዳይበላሽበት ነው። ይህን የምንለው ጌሙን ለማውገዝ አይደለም፤ እኛም እንጫወተዋለን፤ ስለ ለኪሶን ማንበብ ያስጀመረንም እሱ ነው። ነገር ግን በሂሳብ የሚከለል ወታደርና በርኅራኄ የሚከለል ወታደር አንድ አይደሉም።

ርኅራኄ ስንል ደግሞ ነገሩ ቀጥተኛ እንዳይመስለን፤ ከመቀሌ በኋላ የሆነው ያስተምረናል። ዐፄ ምኒልክ ጋሊያኖንና ሰዎቹን አልፈጇቸውም። መሣሪያቸውን እንደያዙ፣ ለጭነታቸው አጋሰስ ጭምር እንዲያገኙ አድርገው፣ በራስ መኮንን አጃቢነት ወደ ወገኖቻቸው ሰደዷቸው። ዓለም ይህን ቸርነት አደነቀ። ይሁንና እነዚህ ሰዎች ከኛ ጦር ጋር ሲጓዙ ጄኔራል ባራቲየሪ ሊተኩስ አይችልም፤ የሚመታው የራሱን ሰው ነውና። በነሱ ጥላ ሥር ዋናው ጦር ከመቀሌ ተነሥቶ በጠላት ጎን አልፎ ወደ ዓድዋ አቅጣጫ ሄደ። በጌም ቋንቋ እንናገር ከተባለ፣ ከዘመቻው ሁሉ የተሻለው ተንቀሳቃሽ መከለያ ከእንጨትም ከአፈርም አልተሠራም፤ ምሕረት ከተደረገላቸው ጠላቶች ነው። ምሕረቱ እውነተኛ ነበር፤ ጥቅሙም እውነተኛ ነበር።

ዋጋውም እንደዚሁ። ጋሊያኖ ተመልሶ ጦር ይዞ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተሰለፈ፤ እዚያው ሞተ። እሱና ወታደሮቹ ከመሞታቸው በፊት ከኛ ሰው ስንቱን ጣሉ? በመቀሌ ምንጭ የተረፈ ገበሬ፣ ከአርባ ቀን በኋላ ከመቀሌ በተለቀቀ ጠመንጃ ዓድዋ ላይ ወድቆ ይሆናል።

በዚህ ነጥብ ላይ እኛ ጽሑፉን ያዘጋጀነው ሳንስማማ ቀርተናል። ከፊላችን «ሊለቀቁ አይገባም ነበር፤ ቢያንስ መሣሪያቸውን ማስፈታት ይገባ ነበር» ይላል። ከፊላችን ደግሞ «ምሽጉን በጥይት ለመጨረስ ቢሞከር የሚሞተው ስንት ነበር? ያለ ውጊያ ዓድዋ የደረሰው ጦርስ በምን ይተመናል?» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገን የሚቆጥረው ሰው ነው። በዚህ ብቻ ተስማምተናል፤ ከበባን የሚያጠና ተማሪ ማን ግንቡን ሰበረ ብሎ ከመጠየቁ በፊት ማን ተከለለ፣ ማንስ ያለ መከለያ ተላከ ብሎ ይጠይቅ። ሽቅብ የሮጡትን እናሞግስ፤ ይገባቸዋል። ከምንጩ አጠገብ ቁጭ ብለው ሌሊቱን የጠበቁት ግን ቀረርቶ አልወጣላቸውም፤ ስማቸውንም የጻፈልን የለም። ክርክሩን መቀጠል የሚወድ አንባቢ ቢኖር ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።